ብሉቡክ ከፈተናው ቀን በፊት ይሰልቻችሁ፦ ለኤስኤቲ ተፈታኞች ዝርዝር መመሪያ

አራት ኪሎ አካባቢ፣ ለኤስኤቲ ማለትም ለአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ለሚሆነው ፈተና ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ በወረቀት ከሰጠሁት 22 ጥያቄ 20ውን አገኘ። በሳምንቱ ያንኑ የሚመስል ፈተና በኮምፒውተር ሲሠራ 14 ላይ ቀረ። ሒሳቡ ከጭንቅላቱ አልጠፋም። ጥያቄውን ከስክሪኑ ወደ ወረቀት ሲገለብጥ የመቀነስ ምልክት ጣለ። የካልኩሌተሩ መስኮት ጥያቄውን ሲሸፍንበት ይዘጋዋል፣ ሲቸግረው መልሶ ይከፍተዋል። ላፕቶፑ የአጎቱ ስለ ነበር ደግሞ መዳሰሻውን በነካው ቁጥር ጠቋሚው ካሰበው ቦታ አልፎ ይሄድበታል። 6 ጥያቄ የተበላው በዚህ ነው።

ቤተሰብ ለአስጠኚ ይከፍላል፤ እኔም ከተከፋዮቹ አንዱ ነኝ። ተማሪው ወራት ሙሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ሲሸመድድ ይከርማል። ፈተናው ለሚሰጥበት ሶፍትዌር ግን አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ የሚመድብ ጥቂት ነው። እኔ የምፈልገው በፈተናው ቀን ሶፍትዌሩ ምንም እንዳይመስላችሁ ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ በጨለማ እጃችሁ ፈልጎ እንደሚያገኘው የመብራት ማብሪያ።

ኤስኤቲን የሚያዘጋጀው የአሜሪካው ኮሌጅ ቦርድ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ፈተናው ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር የዞረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በዓመቱ ነው። የሚሰጥበት መተግበሪያ ብሉቡክ ይባላል። በአገራችንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መውሰድ ጀምሯል። ሶፍትዌሩ ሌላ ቢሆንም ዓይንና እጅ የሚለምዱት ነገር ብዙው አንድ ስለሆነ፣ ለዚያም የምትዘጋጁ ከዚህ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

ለልምምዱ 3 ሳምንት ያዙ።

1. በመጀመሪያ ላፕቶፑን ለዩ

ብሉቡክ በስልክ አይሠራም፤ በአንድሮይድ ታብሌትም አይሠራም። ዊንዶውስ ወይም ማክ ኮምፒውተር፣ አይፓድ፣ ወይም ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ክሮምቡክ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ከሆነ 10 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ መሆን አለበት።

እዚህ ከተማ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ሳይሆን የቤት ነው። ወንድም የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፍበታል፣ አባት ከመሥሪያ ቤት ይዞት ይመጣል። ስለዚህ የምትፈተኑበትን ላፕቶፕ ዛሬውኑ ለዩና ባለቤቱን አስፈቅዱ። የምትዋሱም ከሆነ ለአንድ ሌሊት ሳይሆን ለ3 ሳምንት ተዋሱ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲሆን ተጠንቀቁ፤ አዲስ ነገር ለመጫን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሊጠይቅና የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ደግሞ መስክ ሊወጣ ይችላል።

ቀጥሎ ባትሪው። ፈተናው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው፤ ከዕረፍቱና ከመግቢያው ሥነ ሥርዓት ጋር ከ3 እስከ 4 ሰዓት የሚቆይ ባትሪ ያስፈልጋል። በፈተናው ክፍል ለሁሉም ተማሪ የሚበቃ ሶኬት መኖሩን ማንም አያረጋግጥላችሁም። ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ 100 በመቶ ብሎ ይጀምርና በ40 ደቂቃ ይሞታል። ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ አንድ የልምምድ ፈተና ከፍታችሁ እስከ መጨረሻ ሥሩበት። ካልጨረሰላችሁ ባትሪውን ለማስቀየር ወይም ሌላ ላፕቶፕ ለመፈለግ ገና ጊዜ አላችሁ።

በመዳሰሻው ምቾት የማይሰማችሁ ከሆነ ማውዝ ግዙ፤ ለፈተናው ይፈቀዳል። እኔ ባለ ገመዱን እመርጣለሁ፤ ባትሪ አይጠይቅም። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ግን የሚፈቀደው በታብሌት ለሚፈተን ብቻ ነው። የላፕቶፓችሁ አንዲት ቁልፍ አልሠራ ካለች አሁን ይጠገን።

2. መጫን፣ አካውንትና ስም

ብሉቡክን ከኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። በቴሌግራም ቻናል የሚዞር ፋይል አትንኩ፤ ዋናው በነፃ እያለ ቅጂ የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ከመጫናችሁ በፊት የዊንዶውስ ማሻሻያዎች የተጠራቀሙ ካሉ አስጨርሱ። ማሻሻያው የሞባይል ዳታችሁን ስለሚበላ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አድርጉት። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጸጥታውም ስለሚረዳ ተማሪዎቼን ወደዚያ እልካለሁ። ላፕቶፓችሁን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትለማመዱት በምትፈተኑበት ላይ ነው።

አካውንት ስትከፍቱ ስማችሁ ለፈተናው በምታቀርቡት መታወቂያ ላይ እንዳለው አንድ ፊደል ሳይለወጥ ይጻፍ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፤ የጸሎት ‹ጸ› በአንዱ ሰነድ ላይ በሁለት ፊደል፣ በሌላው በአንድ ይጻፋል። የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ሌላ ዓይነት ሆኖ አይቻለሁ። የትውልድ ቀንም እንዲሁ። መስከረም መጨረሻ 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ 2007 ነው፣ የካቲት 2000 የተወለደው ግን 2008 ነው። በደፈናው 7 ወይም 8 ደምራችሁ አትሙሉ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቅዱ። ኢሜይሉም የራሳችሁ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉን የኢንተርኔት ቤት ልጅ ብቻ የሚያውቀው ኢሜይል በፈተናው ጠዋት አይጠቅማችሁም።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር፦ ላፕቶፓችሁ ላይ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ካለ፣ ፓወር ግዕዝም ይሁን ሌላ፣ ብሉቡክን ከመክፈታችሁ በፊት ዝጉትና ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ብሉቡክ ፈተናው ላይ ሌሎች ፕሮግራሞች ተዘግተው እንዲቆዩ ይፈልጋል። ቴሌግራምንም ዝጉ።

3. ያለ ሰዓት ሽርሽር

መተግበሪያው ውስጥ ሰዓት የማይቆጥር አጭር ቅምሻ አለ። በመጀመሪያው ቀን ክፈቱትና ጥያቄ ለመመለስ አትሞክሩ፤ ያገኛችሁትን ሁሉ ተጫኑ። ከላይ መሀል ላይ ሰዓት አለ፤ መደበቅ ይቻላል፣ 5 ደቂቃ ሲቀር ግን ራሱ ይመጣል። ከላይ በቀኝ የመሣሪያዎቹ ቁልፎች፣ ከታች መሀል የጥያቄው ቁጥር፣ ከታች በቀኝ መቀጠያና መመለሻ አሉ። በንባብ ክፍል ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ምንባቡ በግራ፣ ጥያቄው በቀኝ። መሀል ያለው መስመር ይጎተታል። ፊደሉ ካነሰባችሁ ኮንትሮልንና የመደመር ምልክትን አንድ ላይ ተጫኑ።

የጥያቄውን ቁጥር ስትጫኑ የሁሉም ጥያቄ ቁጥር በትንሽ ሠንጠረዥ ይመጣል፤ የመለሳችሁት፣ ያለፋችሁትና ምልክት ያደረጋችሁበት ይለያል። ከዚያ ላይ አንዱን ነክታችሁ በቀጥታ ትዘላላችሁ። ‹ተመለስ› የሚለውን 15 ጊዜ እየተጫነ ወደ ኋላ የሚሄድ ተማሪ ባየሁ ቁጥር ይህን ሠንጠረዥ አሳየዋለሁ።

የፈተናው አሠራር እንዲህ ነው። የንባብና ጽሑፍ ክፍል 2 ሞጁል አለው፤ እያንዳንዱ 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ። ሒሳቡም 2 ሞጁል ነው፤ እያንዳንዱ 22 ጥያቄ በ35 ደቂቃ። በሁለቱ ክፍሎች መሀል 10 ደቂቃ ዕረፍት አለ። በአንድ ሞጁል ውስጥ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንደ ልብ መሄድ ይቻላል፤ ሞጁሉ ካለፈ ግን አይመለስም። ሁለተኛው ሞጁል የሚከብደው ወይም የሚቀለው በመጀመሪያው ላይ እንደ ሠራችሁት ነው። ሁለተኛው ከበደኝ ብሎ መደንገጥ ስለዚህ አላዋቂነት ነው፤ የመጀመሪያውን ጥሩ ሠርታችኋል ማለት ሊሆን ይችላል።

4. መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ

ለምልክት ማድረጊያው፣ ምርጫ መሰረዣውና ማድመቂያው አንድ ቀን ይበቃል። ምልክቱ በኋላ የምትመለሱበትን ጥያቄ ያሳያል። ምልክት ብታደርጉም ግን መልስ ሳትመርጡ አትለፉ፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። መሰረዣው ውድቅ ባደረጋችሁት ምርጫ ላይ መስመር ይጥላል፤ ሁለት ምርጫ ላይ ለሚወላውል ሰው ደህና ነገር ነው። ማድመቂያው በንባብ ክፍል ዓረፍተ ነገር ለማቅለምና ማስታወሻ ለመጻፍ ነው። ምንባቦቹ ከ25 እስከ 150 ቃል ብቻ ስለሆኑና ለአንዱ ጥያቄ በአማካይ 71 ሰከንድ ስላላችሁ፣ ማስታወሻ መጻፉን እኔ አልመክርም።

ጊዜያችሁ የሚገባው ካልኩሌተሩ ነው። ብሉቡክ ውስጥ ደስሞስ የተባለ ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር አብሮ አለ፣ በሁለቱም የሒሳብ ሞጁሎች ይፈቀዳል። የእኛ አገር ተማሪ በእጁ መሥራት ለምዶ ስለሚያድግ ደስሞስን ለመደመርና ለማባዛት ብቻ ይከፍተዋል። በመርሴዲስ ሄዶ ከሰፈር ሱቅ ዳቦ ገዝቶ መመለስ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያለውን በቅደም ተከተል ተለማመዱ። መጀመሪያ የካልኩሌተሩን መስኮት ጎትታችሁ ጥያቄው ከማይሸፈንበት ጎን አስቀምጡ፤ ማስፊያው ጥያቄውንና ግራፉን ጎን ለጎን ያደርግላችኋል። ከዚያ ሁለት ያልታወቁ ፊደላት ያሏቸውን ሁለት ኢኩዌሽኖች አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከሥሩ ጻፉ። ሁለት መስመሮች ይሣላሉ፤ የተቆራረጡበትን ነጥብ ስትነኩ መልሱ በቁጥር ይጻፍላችኋል። በእጅ 2 ደቂቃ የሚወስደው ሥራ በ20 ሰከንድ ያልቃል። መስመሮቹ ካልታዩ ጠፍተው አይደለም፣ ግራፉ ጠቦ ነው፤ የመቀነስ ምልክቷን እየተጫናችሁ አርቁት። የካሬ ሥር ለመጻፍ ምልክቱን አትፈልጉ፤ ኤስ፣ ኪው፣ አር፣ ቲ ብላችሁ ስትጽፉ ራሱ ወደ ምልክቱ ይለወጣል። የፓራቦላን ጫፍና ዘንጉን የሚቆርጥበትን ነጥብ ለማግኘትም ግራፉን መንካት ይበቃል። የክፍልፋይ መስመር ስትጽፉ ጠቋሚው ታች እንደሚቀር አስታውሱ፤ በቀኝ ቀስት ካልወጣችሁ ቀጥሎ የምትጽፉት ሁሉ አካፋዩ ውስጥ ይገባል። ከኢኩዌሽን ስሕተት ይልቅ ይህች ቀስት ተማሪዎቼን አስለቅሳለች።

እንደዚያም ሆኖ ለሁሉም ደስሞስ አትክፈቱ። በአእምሮ 10 ሰከንድ ለሚፈጀው ጥያቄ መስኮት መክፈት ራሱ ኪሳራ ነው። ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ ያላችሁ በአማካይ 95 ሰከንድ ነው።

መልሱን ራሳችሁ የምትጽፉባቸው ጥያቄዎችም አሉ፤ ከሒሳቡ ሩብ ያህሉ ናቸው። ሳጥኑ 5 ቦታ ብቻ ይቀበላል፤ መልሱ ከዜሮ በታች ከሆነ ከመቀነስ ምልክቱ ጋር 6። ክፍልፋይ መጻፍ ይቻላል፤ ሙሉ ቁጥርና ክፍልፋይን አቀላቅሎ መጻፍ ግን አይቻልም። ሦስት ተኩል ከሆነ መልሳችሁ ወይ 3.5 ወይ 7/2 ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ከአንድ ሁለተኛ ብላችሁ ብትጽፉ ማሽኑ 31 በ2 ብሎ ያነብባችኋል።

5. ሙሉ ልምምድ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ብሉቡክ ውስጥ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች አሉ፤ ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። በአንድ ሳምንት ሁሉንም በልቶ የሚጨርስ ተማሪ በመጨረሻው ሳምንት የሚለካበት ያጣል። በ3 ሳምንት ውስጥ 3 ወይም 4 ይበቃል። በመሀል ለሚያስፈልጋችሁ ጥያቄ ካን አካዳሚ የተባለው የትምህርት ድረ ገጽ ከኮሌጅ ቦርድ ጋር ያዘጋጀው ነፃ ትምህርት አለ።

ሰዓቱ የፈተናው ሰዓት ይሁን፤ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ባዶ ወረቀትና እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ይኑር። በልምምድ ላይ ሞጁሉን ቀድሞ የጨረሰ ሰው ወደሚቀጥለው ማለፍ ይችላል፣ በእውነተኛው ፈተና ግን ሰዓቱ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ስለዚህ በልምምዱም ጠብቁ፤ የተረፋችሁን 4 ደቂቃ ምልክት ወዳደረጋችሁባቸው ጥያቄዎች መመለስን የምትለምዱት ያኔ ነው። የ10 ደቂቃውን ዕረፍትም ተነሥታችሁ ውሰዱ።

ጸጥ ያለ ቤት ብቻ አትፈልጉ። ፒያሳም ሆነ ካዛንችስ ግንባታ የሌለበት መንገድ ብርቅ ሆኗል፤ ከልምምድ ፈተናዎቹ አንዱን መዶሻው እየተሰማ ሥሩት።

ውጤቱ ሲመጣ ከቁጥሩ በፊት ስሕተቶቹን ተመልከቱ። ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉና በአንዱ ወገን ያላወቃችሁትን፣ በሌላው ወገን እያወቃችሁ ስክሪኑ ያሳታችሁን ጻፉ፤ የተጣለ ምልክት፣ ያልታየ ‹ካልሆነ በቀር›፣ የተሳሳተ ሳጥን። ሁለተኛው ወገን ከፈተና ወደ ፈተና ማጠር አለበት። ካላጠረ ችግሩ ጥናት ስላልሆነ ቃላት አትጨምሩ፤ ወደዚህ መመሪያ ቁጥር 3 እና 4 ተመለሱ።

6. ችግሩን አስቀድማችሁ ፍጠሩት

አንድ ምሽት ካዛንችስ አንዲት ተማሪዬ ቤት በሁለተኛው የሒሳብ ሞጁል መሀል መብራት ጠፋ። ራውተሩ ሞተ፣ የዋይፋዩ ምልክት ላይ መስቀል መጣ። ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ አነሣች። እናቷ ሻማ ይዘው ከጓዳ ሲመጡ ‹‹በቃ ተበላሸ?›› አሉ። ‹‹አልተበላሸም እማማ፣ ትቀጥል›› አልኩ። ቀጠለች። ብሉቡክ ኢንተርኔት የሚፈልገው ሲጀምርና መልሱን ሲልክ ነው፤ መሀል ላይ ቢቋረጥ ሥራው ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል። ስትጨርስ የስልኬን ዳታ ለላፕቶፑ አጋራሁ፣ መልሱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መብራት ኃይልን ሳልጠብቅ የሁሉንም ተማሪዎቼን ዋይፋይ በልምምድ መሀል እኔው አጠፋለሁ።

እናንተም ለአንድ ልምምድ ቤተሰብ እንዲያጠፋባችሁ ንገሩ። ባትሪ ቢያልቅም ቻርጀሩን ሰክቶ፣ ኮምፒውተሩን አስነሥቶ ብሉቡክን መክፈት ነው፤ የሠራችሁት ይኖራል፣ የፈተና ጊዜያችሁም አይበላም። ስክሪኑ ደርቆ ቢቀር እጅ አውጥታችሁ ተቆጣጣሪውን ጥሩ፤ ራሳችሁ አትታገሉ። ከዕረፍት ሰዓት ውጭ መጸዳጃ ቤት ብትሄዱ ግን ሰዓቱ መቁጠሩን አያቆምም።

7. የመጨረሻዎቹ 5 ቀናት

ከፈተናው 5 ቀን በፊት ብሉቡክ ውስጥ የፈተና ማሰናጃው ይከፈታል። በተከፈተበት ቀን አድርጉት። መተግበሪያው ፈተናውን ያወርዳል፣ ስማችሁን፣ የመፈተኛ ቦታውንና ሰዓቱን የያዘ የመግቢያ ወረቀትም ይሰጣችኋል። አርብ ማታ ልሥራው ያለ ሰው ከኔትወርክ ጋር ሲጣላ ያድራል። ወረቀቱን አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አትሙት።

ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰዓት ለወላጆቻችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። የመፈተኛ ቦታዎች፣ ወረቀቱ ሌላ ካላለ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 7፡45 ተከፍተው 8፡00 ይዘጋሉ። ይህ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ45 እስከ 2 ሰዓት ነው። አንድ አባት ‹7፡45› የሚለውን አይተው ‹‹ምሳ በልቶ ይሄዳላ›› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ጉዳዩ የተነሣው ሐሙስ ዕለት መሆኑ በጀን።

በር ከተዘጋ አይከፈትም። መንገዱን በቀደመው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት አንድ ጊዜ ሂዱበት።

8. ጠዋቱ

ቦርሳው ማታ ይዘጋጅ፦ ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ላፕቶፕ፣ ቻርጀር፣ ማውዝ፣ የመግቢያ ወረቀት፣ መታወቂያ፣ እርሳስ ወይም እስክሪብቶ፣ ውኃና የሚቀመስ ነገር። ለመጻፊያ የሚሆን ባዶ ወረቀት እዚያው ይሰጣል። ላፕቶፑን ጠዋት አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አስነሡት፤ ተንጠልጥሎ ያደረ ማሻሻያ ካለ ቤታችሁ ሳላችሁ ይለቅ።

ክፍሉ ውስጥ ከዋይፋይ ጋር ትገናኛላችሁ፣ ብሉቡክን ትከፍታላችሁ፣ ተቆጣጣሪው የማስጀመሪያውን ኮድ ያነብላችኋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስክሪን በልምምዱ ቅዳሜዎች ያያችሁት ስክሪን ነው።

ሰዓቱ ሲያልቅ መልሱ በራሱ ይላካል። ሁሉም ስልኩን ለማግኘት ወደ በሩ ሲግተለተል፣ እናንተ መላኩን የሚያረጋግጠው ጽሑፍ እስኪመጣ ተቀመጡ። አልሄደም የሚል መልእክት ከመጣ ለተቆጣጣሪው አሳዩና ኢንተርኔቱ እስኪመለስ ብሉቡክን ከፍታችሁ ጠብቁ። እስከዚያ የላፕቶፑን ክዳን አትዝጉ።